ለእህቴ ወገብ የተመረጠ ባሌስትራ

ልጅ እያለሁ መኪና ማለት ለእኔ ሽታ ነበር። ጌዶ ገበያ ዳር አባታችን ከብት ሸጦ እስኪመለስ እኔና ታላቅ እህቴ ጫልቱ ቅልሞሽ እየተጫወትን እንጠብቀዋለን፤ ሎንቺናው ገና ከጠመዝማዛው ሳይወጣ ናፍታው ይሸተናል። ቀጥሎ የኑግ ጆንያው፣ ቀጥሎ የጋለው ፍሬን። የዛሬ ልጆች መኪና ሲያጨስ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እኛ እንደ ሽቶ ወደ ውስጥ እንስበው ነበር። ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ልጅነቴን ሳስብ የሚመጣልኝ ደወልና ደብተር ሳይሆን መንገድ ነው። እግርሽ አንድ ቦታ አያርፍም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ወሬዬም እንደ እግሬ ነው።

አንድ ጊዜ እናታችን በጮጮ ኢቲቱ ሞልታ ለአክስታችን ሠርግ ወደ አምቦ ላከችን። ኢቲቱ እርጎ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ሳይነካ ሰንብቶ የሚረጋ፣ ሲከፈት በቢላዋ ሊቆረጥ የሚደርስ ወተት ነው። አማቾች ፊት ተበጥብጦ ከቀረበ ግን ውርደት ነው፤ "ንቀውናል" ያሰኛል። እናታችን ክዳኑን በቆዳ እያሰረች "ከፈረሰ ለሰው እንዳታሳዩት፣ ይዛችሁት ተመለሱ" አለችን። ጌዶን ከአምቦ የሚያገናኘው መንገድ ደግሞ ያኔ ጉድጓዱ ከመንገዱ ይበዛ ነበር።

ሎንቺናው ላይ ሰው ሁሉ ጆንያ ላይ ሲቀመጥ ጫልቱ ቆመች። ጮጮውን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እግሯን ከፈት፣ ጉልበቷን ቀለስ አደረገች። አንድ ሽማግሌ "ልጅቷ፣ ተቀመጪ እንጂ ትወድቂያለሽ!" ቢሏት "ከተቀመጥኩ እሱ ይወድቃል" አለቻቸው። እኔ ቀሚሷን ይዤ ከታች አያታለሁ። ትንሽ ጉድጓድ ሲመጣ ጉልበቷ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል። ትልቁ ሲመጣ ጭኗ ይጠነክርና ይይዛታል። ጮጮው ከላይ ዝም! የጉደርን ቁልቁለት እንደዚያው ሆና ወረደች፣ ዳገቱንም እንደዚያው ሆና ወጣች።

አምቦ ስንወርድ ሾፌሩ "ይህች ልጅ የራሷ ባሌስትራ አላት" ብሎ ሳቀ። ቃሉን የሰማሁት ያኔ ነው። ምንድን ነው ብዬ ብጨቀጭቀው ጎንበስ አድርጎ ከኋላ ጎማው በላይ አሳየኝ፤ እንደ ቀስት የጎበጡ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበሩ ዝርግ ብረቶች። "ጭነቱን የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው" አለኝ። ከዚያ የአክስታችን አማቾች ፊት ጮጮው ተከፈተ፤ ኢቲቱው እንደ ረጋ ነበር። እልልታው ቀለጠ። ጫልቱ ግን እግሯ እየተንቀጠቀጠ አጥር ተደግፋ ቆማ ነበር። ያን ቀን እንደ እሷ የኮራ ሰው አላየሁም።

ዘመኑ ሄደ። እሷ ሸነን ተዳረች፣ እኔ አምቦ ቀረሁ። ልጄ ገመቹ ፒካፕ ገዝቶ ከሸነን ድንችና ጎመን እየጫነ ያመጣል። ሴት ልጁን ሲፈንን ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደገቻት ጫልቱ ናት፤ እናቷ እዚህ ጤና ጣቢያ ሥራ ላይ ስለነበረች። እናም ሲፈን ልትዳር ሲሆን "አያቴ ጫልቱ እጇን ጭና ሳትመርቀኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" ብላ ቁርጧን ተናገረች።

ጫልቱ ደግሞ ከዚያ በፊት በገመቹ መኪና መጥታ ወገቧ ተቆርጦ ሰንብቶ ነበር። የኋላው ባሌስትራ ሞቶ፣ በየጉድጓዱ ብረት ከብረት እየተማታ። አንደኛው ሲሰበር ገመቹ አስበየደው፤ ብየዳው አጠገብ እንደገና ተሰበረ፤ እንደገና አስበየደው። ሰው ልኬ ለሠርጉ ነይ ብላት "ለምርቃት ጠርታችሁኝ ለቅሶ እንዳትቀመጡ፤ እዚያ መኪና ላይ እግሬ አይወጣም" ብላ መለሰች። እንደ እሷ ያለ ሰው አንዴ እንቢ ካለ አለ ነው።

ገመቹን ይዤው ኦቦ ለገሰ ጋራዥ ሄድኩ። ኦቦ ለገሰ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከስር ገባና የተበየደውን አይቶ "ይሄ ባሌስትራ ሳይሆን ጥልፍ ነው" አለ። ገመቹ የተሰበረውን የቀኙን ብቻ መቀየር ፈለገ።

"አንድ እግርህን ጫማ፣ አንዱን ባዶ አድርገህ ሠርግ ትሄዳለህ?" አለው ኦቦ ለገሰ። ሁለቱም ይቀየሩ ተባለ።

ቀጥሎ ምርጫው መጣ። መሬት ላይ ሁለት ዓይነት ተዘረጋ። አንደኛው ከትልቅ መኪና የተፈታ፣ ብረቱ ወፍራም፣ ድርድሩ ብዙ። የገመቹ ዓይን እሱ ላይ ቀረ።

"ይሄ ተራራ ይሸከማል!"

"ተራራ አይደለም የምትሸከመው፣ አክስትህን ነው" አልኩት።

"እማዬ፣ እኔ የምጭነው ድንች ነው እንጂ እንቁላል አይደለም!"

ኦቦ ለገሰ እየሳቀ በእግሩ ወፍራሙን ነካ አደረገው። "ባዶዋን ስትሆን አይታጠፍም፤ እንደ በቅሎ ታዘልልሃለች። ሙሉ ስትጭን ጥሩ ነው።" ከዚያ ሁለተኛውን አሳየን። አዲስ ነው። የላይኞቹ ብረቶች ቀጠን ያሉ፣ ከስር ግን አንድ ወፍራምና ቀጥ ያለ ብረት ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ተኝቷል። "ይህ የታችኛው ባዶዋን ስትሆን አይሠራም" አለ። "ጭነት ሲመጣ የላይኞቹ ይታጠፉና እሱ ላይ ይደርሳሉ። ያኔ ይይዛል።"

እኔ ቁጭ ብዬ ያን ብረት ዳሰስኩት። መጀመሪያ ለስለስ ይላል፣ ሲከብድ ይጠነክራል። ወዲያው የሎንቺናው ጆንያ ላይ የቆመችው ልጅ ጉልበት ታየኝ።

"ይሄ ነው" አልኩ። "ጫልቱን የሚያመጣት ይሄ ነው።"

"አዴ፣ ሳይሞክሩት?" አለኝ ኦቦ ለገሰ።

"ግጠመው፣ ራሴ እሞክረዋለሁ።"

ሲገጠምልኝ ከኋላ ወጣሁ፤ ቆሜ የመያዣውን ብረት ያዝኩ፣ ጉልበቴን ግን ቀጥ አደረግኩ፤ ሥራው የእኔ ሳይሆን የመኪናው ይሁን ብዬ። ገመቹ በኀፍረት አንገቱን ቀብሮ በኮብልስቶኑ ነዳኝ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። አንዷ የማውቃት ጎመን ሻጭ "አዴ፣ ለሽያጭ ነው እንዴ የተጫኑት?" ብላ ጮኸች። "ገዢ ከተገኘ!" አልኳት። ባዶዋን ዞርን፣ ቀጥሎ ጆንያ ሞልተን ዞርን። ወገቤ አንድም ጊዜ አልጮኸም። ስወርድ ገመቹ ራሱ ጎንበስ ብሎ ከስር አየና "ደርሷል፣ ታችኛው ይዞታል" አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ወፍራሙ አላነሳም።

በሠርጉ ዋዜማ ሸነን ሄድን። ጫልቱ ደጃፏ ላይ ከተቀመጠችበት ተነሥታ በምርኩዟ የመኪናዋን ጭራ ጫን፣ ለቀቅ አደረገችው። እንደ ከብት ገዢ ዞራ አየችው።

"ጉልበት አብቅላለች" አለች።

"እትዬ፣ የአንቺን ነው የሰጠናት" አልኳት። ሳቀች፤ በሳቋ መሀል ጋቢናው ውስጥ አስገባናት፤ እኔ አጠገቧ። ገመቹ ለሠርጉ የሚሆን ድንች ከኋላ ጫነ። መንገዱ ፒስታ ነው፣ ክረምቱ የበላው። መጀመሪያ እጄን ጨምድዳ ያዘች፤ እያንዳንዱን ጉድጓድ ከሩቅ እያየች "መጣ፣ መጣ" ትላለች። ይመጣል፣ ያልፋል። ቀስ በቀስ "መጣ" ማለቷን ተወች። እጇ ላላ። ሳያት ራሷ ትከሻዬ ላይ ወድቆ እንቅልፍ ወስዷታል።

አምቦ ደጃችን ስንቆም ዳሱ ሙሉ ሰው ነው። እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ እጄን አነሳሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ዝም አለ። ከበሮ መቺዋ ከበሮዋን በመዳፏ አፈነችው። ሲፈን እጇ እንሶስላ እንደ ታሰረ ሮጣ መጥታ የመኪናው በር ላይ ተንበረከከች። ያኔ ጫልቱ ዓይኗን ገለጠች፣ ሰዉን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች።

"ጉደር ደረስን እንዴ?"

እልልታው ያኔ ፈነዳ! ጫልቱ ከመቀመጫዋ ሳትወርድ እጇን የሲፈን ራስ ላይ ጫነች፤ "ሆሪ ቡሊ፣ ልጄ፤ ርቢ፣ ኑሪ" ስትላት ገመቹ እንደ ሕፃን ፊቱን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

በእኛ ልጅነት መኪና ላይ የወጣ ሰው ለመኪናው ይታጠፍለት ነበር፤ መንገዱ ሲያናውጥ የሚከፍለው የሰው ጉልበት ነው። ያን ጊዜ እወደዋለሁ፤ ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልመልሰውም። እህቴ ለመኪና ስትታጠፍ አይቻለሁ፤ መኪና ለእህቴ ሲታጠፍም ለማየት በቃሁ።