በምርቃት የጸደቀ ጣሪያ

የስብሰባን ምስጢር አደባባይ ማውጣት ከእኔ ዕድሜ ሰው አይጠበቅምና፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጎንደር፣ ከፒያሳ ቁልቁል ባለች አንዲት የቀበሌ ቤት እኖራለሁ። ጣሪያዋ ስለሚያፈስ በየዓመቱ አልጋዬን ከጥግ ጥግ ስጎትት እከርማለሁ። ዘንድሮ ግን ሳላስጠግን ላልመለስ ምዬ፣ ቀበሌው በጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። አራት ጊዜ እጄን አወጣሁ።

"አያ ምትኩ፣ የዛሬው አጀንዳ የቢሮው አጥር ቀለም ነው፤ ጣሪያ አይደለም" አሉኝ ሊቀመንበሩ።

"ምነው ልጄ፣ ዝናቡ የሚገባው በአጥሩ ነው እንዴ?"

"ሥርዓት ይያዙ እንጂ አያ!"

እጄን አወረድሁ። የአጥሩ ቀለም ከጸደቀ በኋላ ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አዩና፣ "በሉ፣ በዕድሜ ታላቃችን አያ ምትኩ መርቀው ይዝጉልን" አሉ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። ምርቃት ደግሞ አጀንዳ የለውም።

"አገራችንን ሰላም ያድርግልን!"

"አሜን!"

"የአጥሩን ቀለም ያሳምርልን!"

"አሜን!"

"የምትኩን ጣሪያ በዚህ ሳምንት ያስጠግንልን!"

"አሜን!"

"እስኪጠገን ድረስ ሊቀመንበራችንን እኔ አልጋ ላይ ያሳድርልን!"

"አሜን!" ከሁሉ ጎልቶ የተሰማው የሊቀመንበሩ ድምፅ ነበር።

ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊ ቀና ብላ፣ "በሙሉ ድምፅ ብዬ ልጻፈው?" አለች።

በማግስቱ ማለዳ ቆርቆሮ የጫነ ጋሪ ደጄ ቆመ።

አደራ፣ ይህን ለማንም እንዳታወሩ። ሠፈራችን ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የሚቀጥለውንም ስብሰባ መርቄ የምዘጋው እኔ ነኝ።