ሁለቱም ዝሆኖች ነጭ ቤት ላይ

በቀበሌያችን አዳራሽ የቼዝ ውድድር ሲካሄድ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ራሴን ነጻ ለማውጣት አይደለም። እዚያ የነበሩት ሰዎች ዛሬም ጅማ ውስጥ ተከብረው ሲኖሩ ስለማይ ነው፤ አንዱማ በየሠርጉ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ቼዝ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ደንበኛ ሲጠፋ ሱቁ ውስጥ እንጫወታለን። እሱ ከሞተ በኋላ ከሴት ልጅ ጋር ሰሌዳ ፊት የሚቀመጥ አጣሁ። ስለዚህ ለብቻ የሚሆን ጨዋታ ፈጠርኩ። ጠጠሮቹን እንደመጣልኝ እበትንና፣ በሕጉ እየተጫወቱ እዚህ መድረስ ይቻል እንደሆነ ወደ ኋላ እመረምራለሁ። ወታደር ካልበላ መስመሩን አይለቅም። በሰያፍ የሚሄደው፣ እኛ ዝሆን የምንለው፣ ከነጭ ቤት ከተነሣ ዕድሜውን ሙሉ ነጭ ላይ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከነጭ፣ ሌላው ከጥቁር ይነሣል። ይህን የመሰለ ትንሽ ነገር ይዤ ብዙ ነገር እደርስበት ነበር። ሰፈሩ ያውቃል፤ ይስቁብኛል።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን የሆነው የስፖርት ኮሚቴው ጸሐፊ ሰሌዳውን ከነጠጠሮቹ በትሪ ተሸክሞ መጣ። ለፍጻሜ የደረሱት ሁለት ወጣቶች ሲመሽባቸው ጨዋታውን አቋርጠው ነበር። አንደኛው የሊሙ ገነት ልጅ ነው፤ ከተማው ውስጥ ዘመድ ስለሌለው አዳራሹ ውስጥ ያድራል። ተጋጣሚው ይህን ይዞ፣ እኛ ስንተኛ ጠጠር አዛውሯል ብሎ ከሰሰው። ያሸነፈ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ይመረጣል፤ ቡድን የገባ ደግሞ ከብሔራዊ ውትድርና ይተርፋል ይባል ነበር። ሁላችንም የምናውቀው ይህን ነው።

"እስቲ እይው፣" አለኝ ጸሐፊው። "መቼም ሥራ ፈት ነሽ።"

አየሁት። የሊሙው ልጅ ሁለት ዝሆኖች፣ ሁለቱም፣ ነጭ ቤት ላይ ቆመዋል። ወታደር መጨረሻ ደርሶ ዝሆን ሆኗል እንዳይባል ስምንቱም ወታደሮቹ አሉ።

"በሕጉ እዚህ አይደረስም፣" አልኩ።

"ዱጋ? እውነትሽን ነው?"

"ወላሂ። እጅ ገብቶበታል።"

"ከወንዶቹ ትሻያለሽ አንቺ፣" አለና ትሪውን አነሣ።

ደስ አለኝ። ሲስቁብኝ ከነበሩት አንዱ ደጄ መጥቶ ጠይቆኝ ሄደ። ከዚያ በኋላ ከመጣው ሁሉ ይልቅ ያቺ ደስታ ነች የምትቆረቁረኝ።

ልጁ ከውድድሩ ተባረረ። ብዙም ሳይቆይ ለውትድርና ተጠራ። ምልምሎቹ በሚጫኑበት ቀን የሌላ ጎረቤቴን ልጅ ልሸኝ ቀበሌው ደጃፍ ሄጄ ነበርና የሊሙውን ልጅ አሳዩኝ። ቀርቤ ሰሌዳውን ያየሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት።

"ለምን ነካህ? እያሸነፍክ ነበር እኮ።"

"አልነካሁም፣ እትዬ። ከመነሻውም እንደዚያ ነበሩ። ሊቀመንበሩ ናቸው የደረደሩት።"

በእኛ ቀበሌ ማንኛውም ነገር በሊቀመንበሩ እጅ ነበር የሚከፈተው። ችግኝም ሲተከል፣ ኳስም ሲለጋ የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። የቼዙንም ፍጻሜ በጭብጨባ መሃል ጠጠሮቹን ራሳቸው ደርድረው ከፈቱት። በልጁ ወገን፣ በአንድ በኩል፣ ጎን ለጎን የሚቆሙትን ፈረስና ዝሆን አቀያይረዋቸው ኖሯል፤ ሁለቱም ዝሆኖች የተነሡት ከነጭ ቤት ነው።

"ሰው አላየም?"

"አዳራሽ ሙሉ ሰው አየ። ጸሐፊው አጠገባቸው ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።"

"ታዲያ አንተ ለምን አልተናገርክም?"

"እርስዎ ይናገሩ ነበር? ጓድ ሊቀመንበር ተሳስተዋል ብዬ እሳቸው በደረደሩት ላይ እጄን ልስደድ?" ሊስቅ ፈለገና ተወው። "እርስዎ ግን፣ ስለ እርስዎ እንደሰማሁት፣ ይደርሱበታል ብዬ ነበር። ሰሌዳው ወደ እርስዎ ሄደ ሲሉኝ ዳንኩ ነው ያልኩት።"

ወደ ኋላ ስመረምር ኖሬ መነሻው ልክ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ትሪውን ያመጣልኝ ሰው ግን መልሱን እያወቀ ነው የመጣው።

ጸሐፊው ምልምሎቹ ከሚጫኑበት መኪና ኋላ ቆሞ ስም ይጠራል። ሄጄ ክንዱን ያዝኩት።

"ታውቅ ነበር።"

"ማን ነው የማለው፣ እኔ ነኝ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ቃሉ ያንቺ ነው። ከፈለግሽ ሊቀመንበሩ ውስጥ ናቸው፣ ግቢና ንገሪያቸው።"

የቀበሌው ቢሮ በር ክፍት ነበር። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛቸው ላይ አጎንብሰው ይታዩኛል። ጸሐፊው የልጁን ስም ጠራ፤ ልጁ አንዴ አየኝና መኪናው ላይ ወጣ። መኪናው ወደ አዲስ አበባው መንገድ ሲታጠፍ የጸሐፊውን ክንድ ገና አልለቀቅኩም ነበር።