የተዋጠው አዎ

ሱልጣና ደሴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ልጆች አስተምራለች። ላስ ቬጋስ መጥታ ግን በቀን አሥራ አራት የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። በዲቪ የመጣ ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው ብሎ የሚያልፍ ይለፍ፤ እሷ አላለፈችውም። በፈረንጆቹ 2005፣ አርባ ሊሞላት ሲል፣ ጠዋት ጠዋት ከሥራ ሺፍቷ በፊት ግሪን ቫሊ የሚባለው ሰፈር እየሄደች ነርስ ረዳትነት መማር ጀመረች። "በስተርጅና ደብተር!" ብለው የሳቁባት የገዛ አገሯ ሰዎች ናቸው። ካዚኖ ተቀምጠው ደመወዛቸውን ሲያራግፉ ግን ማን ሳቀባቸው?

የጽሑፉን ፈተና አለፈች፤ በተግባሩ ወደቀች። ወረቀቱ "ስትጠየቅ አትመልስም" ይላል። አስተማሪ የነበረች ሴት! ድጋሚ ከወደቀች ትምህርቱን ከሀ ልትጀምር ነው፤ ሆቴሉ ደግሞ ለትምህርት ብሎ ሺፍቷን ሁለተኛ አይቀይርላትም።

"ወላሂ ሁሉንም መልሻለሁ!" አለችው ባሏን ሐሚድን።

ነገሩን የደረሰችበት አብራት የምትማረው ሳፊያ ናት፤ በልጅነቷ እዚህ የመጣች ቀልደኛ ወጣት። ሱልጣና ቤት ሲለማመዱ ሐሚድ እንደ በሽተኛ ሆኖላቸው ሶፋው ላይ ተጋደመ።

"እትዬ ሱልጣና፣ እጅዎን ታጥበዋል?" አለች ሳፊያ፣ እንደ ፈታኝ ኮስተር ብላ።

ሱልጣና ትንፋሿን በአፏ ሽው አድርጋ ወደ ውስጥ ሳበች፤ ሁላችንም አዎ ስንል እንደምናደርገው።

"ይኸው! አዎን ዋጡት! ፈረንጅ ይሄ አይገባውም እኮ፤ አስም ይመስለዋል።"

ሐሚድ ቀና አለ። "አሥራ አምስት ዓመት አብሬያት ስኖር እንዴት አልሰማሁም?"

"እርስዎም እንደዚያው ነዋ የሚመልሱት! አላወቁም?"

ሐሚድ ትንፋሹን ሳበ። ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

ሱልጣና ሁለት ሳምንት ሙሉ አንሶላ እያነጠፈች ለባዶ ክፍል ጮክ ብላ "የስ!" ስትል ከረመች።

የፈተናው ቀን ፈታኟ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት፣ ጠየቀቻት። እጅ ታጥበሻል? "የስ!" የአልጋው ፍሬን ተይዟል? "የስ!" በመጨረሻ "ጨርሰሻል?" ስትላት ሱልጣና እፎይ አለችና ዘነጋች። ትንፋሿ ወደ ውስጥ ገባ። የፈታኟ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

"ይሄ የስ ነው" አለች ሱልጣና ቀና ብላ። "በአገሬ የስ እንዲህ ነው።"

ፈታኟ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። "ባለፈው ሳምንትም አንዷ እንዲህ አድርጋ ነበር። አልመለሰችም ብዬ ጻፍኩባት" አለችና "አልፋለች" የሚለውን አከበበች።

ሱልጣና ማለፏን አይታ ወጣች፤ ደስታዋ ግን ሙሉ አልሆነም። ያቺ አንዷ ማን ናት? ምን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች? ስሟን እንኳ የሚነግራት የለም።

ደጅ ሁለት ሐበሾች ደብተራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወደ ሥራ የሚወስዳት አውቶቡስ ሊደርስ ነው። ተወችውና መሃላቸው ገብታ ተቀመጠች።

"እህቶቼ፣ ለተግባሩ ፈተና ነው የመጣችሁት?"

ሁለቱም እኩል ትንፋሻቸውን ሳቡ።