ያልሠሩት ገጾች

ሴትዮዋ ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ከባጃጅ ወርደው ወደ ዋፊቃ ፎቶ ኮፒ ቤት ገቡ። ዋፊቃ አይታቸው አታውቅም። ሹራባቸው ንጹሕ ነው፤ የቀኝ እጅጌው ግን አሲድ በበሳቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወንፊት መስሏል። ከዘንቢላቸው፣ ከሎሚው ሥር፣ ወፍራም ደብተር አወጡና ስካን እንድታደርግላቸው ሰጧት።

በየገጹ ባለአምስት ማዕዘን ቀለበት ተስሏል። ከሥሩ ቀን፣ የመዳብ መጠንና አንድ ቃል አለ፦ «አልሠራም»።

«ወላሂ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ምንድነው?»

«መዳብ እያገዛቸው ሁለት ሞለኪውሎች ገጥመው ቀለበት እንዲሆኑ የሞከርኩበት ነው። አራት ዓመት ለፋሁበት። ከዚያ እናቴ ታመሙና እሳቸውን ላስታምም ወደ ሐረር ተመለስኩ።»

«ሠራ» የሚለው ገጽ አንድ ብቻ ነበር፣ መጨረሻው ላይ። ዋፊቃ የሚፈልጉት እሱን መስሏት ገልጣ ማሽኑ ላይ አስተኛችው።

ሴትዮዋ እጇን ቀስ ብለው ያዙ።

«የሠራውማ ታትሟል ልጄ፣ ማንም ያገኘዋል። አንዲት ተመራማሪ ልጅ ያንኑ ሙከራ እንዳልደግም ያልሠሩትን ላኩልኝ ብላኛለች። እስከ ዛሬ እነሱን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።»

ዋፊቃ ወንበር አቀረበችላቸውና ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች።