ያልተነገረው ጭማሪ

ወንድሜን ሰፈሩ «አንድ ጣት» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ጨርቅ ሲቆርጥ ከልኩ ላይ አንድ ጣት ሳያስተርፍ መቀሱን አያሳርፍም። «ጨርቅ ሲታጠብ ይሸሻል፣ ሰውም ይወፍራል» ይላል። ዋጋ ላይ ግን ጭማሪ የሚባል ነገር አያውቅም። አንዴ «ይህን ያህል ነው» ካለ፣ ክር ቢወደድ፣ ሥራው ቢከብድ፣ ያው ነው። ቁልፍ የምተክልለትና የምዘመዝምለት ታናሽ እህቱ ነኝና በዚህ ጠባዩ ስንቴ ቆሽቴ አሯል!

የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ልንሰፋ በተዋዋልን ሰሞን የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ከመርፌው ሥር ክሩን የሚያዞረው ብረት ተሰንጥቋል። የሱቁ ኪራይ ተወዝፎ አከራዩ ሰላምታ እንኳ ትቶናል፤ ያ ሥራ ካመለጠን ሱቁም እንደሚያመልጠን ሁለታችንም እናውቃለን። ጠጋኙ መኪናውን ገልብጦ አየና «የዚህ መለዋወጫ እዚህ አገር አይገኝም» አለ። በስልክ ስንፈልግ ስንፈልግ ባሕር ማዶ ካለ ሱቅ አገኘነው። የቀረው አንድ ፍሬ ብቻ ነበር።

ወንድሜ ባንክ ሄዶ ካርድ አወጣ። «ከውጭ ለመግዛትም ይሆናል?» ብሎ መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ ጠየቃት።

«እንዴታ ጋሼ፣ የትም ይሠራል!» አለችው። ስለ ጭማሪ ግን ትንፍሽ አላለችም። እሱም የተጻፈውን ዋጋ በዕለቱ ምንዛሪ አሰላና ካርዱ ላይ ልክክ አድርጎ አስገባ።

«ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ጨምርበት» አልኩት።

«ዋጋው ተጽፏል እኮ! ነጋዴ የጻፈውን ይክዳል?»

ስልኩ ላይ «ግዛ» የሚለውን ነካን። ገንዘቡ አይበቃም አለ። ወንድሜ እየሮጠ ባንክ ሲሄድ ለካ ካርዱ የሚመነዝርበት ዋጋ ሌላ ነው፤ በዚያ ላይ ከውጭ ለሚገዛ ሰው የአገልግሎት ክፍያ አለ። የጎደለውን ጠይቆ፣ አሁንም ልክክ አድርጎ አስገባ። ደግሞ አይበቃም አለ። ግዢው ሳይሳካ ሲቀርም ያስከፍላሉ! ወይ ጉድ! ሳይገዙ መክፈል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ደሜ ፈላ። ራሴ ባንክ ሄጄ መስኮቱ ላይ ጮህኩባት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «እትዬ፣ ውሉ ላይ በደቃቁ ተጽፏል» አለችኝ። ዕድሜውን ሙሉ መርፌ ቀዳዳ ላይ አፍጥጦ ዓይኑ የደከመ ሰው በደቃቁ የተጻፈ ሊያነብላቸው!

ከጎረቤት ተበድረን፣ አሁንስ በደንብ አትርፈን አስገባን። የባሕር ማዶውን ሱቅ በስልክ ከፍተን ስናይ ከብረቱ ሥዕል በታች «አልቋል» የሚል ተጽፏል። ወንድሜ ስልኩን አገላብጦ አየው፤ ከዚያ መኪናውን ጨርቅ አለበሰው። ትምህርት ቤቱም ቀኑ ሲደርስ ሥራውን ለሌላ ሰጠ።

አከራዩ ቁልፉን ሊረከብ በመጣ ዕለት እጃችን ላይ የቀረው የአንዲት ደንበኛችን ቀሚስ ብቻ ነበር። በእጁ ነው ሰፍቶ የጨረሰው። የተበሳሱትን ጣቶቹን ሳይ አንጀቴን በላው። ሴትዮዋ ቀሚሱን ለካችው፣ ወደደችው፤ ጣቶቹን ስታይ ደግሞ ከተነጋገሩት አብዝታ ዘረጋችለት።

«አይ፣ የኛ እመቤት፣ ያልኩሽ ይኸ ነው» ብሎ ትርፉን መለሰላት።

ገና ከበሩ ስትወጣ ጮህኩበት። «አሁንም? ሱቃችን ተወስዶ እንኳ?»

«ያንን ይበቃኛል ብላ ነው ከቤቷ የወጣችው» አለኝ፣ መቀሱን በጨርቅ እየጠቀለለ። «እኔም ያን ቀን ወደ ባንክ ይበቃኛል ብዬ ነበር የወጣሁት።»

ቁልፉን ለአከራዩ ሰጠው፤ እኔም የክሩን ሳጥን ታቅፌ እያለቀስኩ ተከተልኩት።