መብራት የጠፋበት ሞልድ

ግዛቸው ሀዋሳ ውስጥ በምንሠራበት ዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ በብረት ሠራተኝነት ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቷል። እኔ ፅጌ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ መስኮቴ ብረት ከሚጫነው ማሽን ከፕሬሱ ፊት ለፊት ስለሆነ ግዛቸው ፊት ላይ የሚመላለሰውን ሁሉ አያለሁ። ሰውየው ቀልደኛ ነው። በዚያ ሳምንት ግን ቀልዱ ድራሹ ጠፋ።

ነገሩ የፌቨን ጥናት ነው። ፌቨን የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። ጣት የሚያክል የስቴንለስ ስቲል ዘንግ እንደ ክርን በታጠፈ ቀዳዳ ውስጥ በፕሬስ ተጭኖ ያልፋል፤ ሲወጣ አዙራ መልሳ ታስገባዋለች፤ ስምንት ጊዜ። ባለፈ ቁጥር በውስጡ ያሉት ቅንጣቶች እየደቀቁ ብረቱ ይጠነክራል። ቀዳዳው ያለበትን ሞልድ የሠራላት ግዛቸው ነው።

ሞልዱን አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረው። እንዲህ የተነከረ ብረት ይጠነክራል፤ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ምድጃ ውስጥ ተመልሶ በመለስተኛ ሙቀት ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። በሃያኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ፤ እስከ ማግስቱም አልመጣም። ልጅቷ ሞልዱን ሦስት ወር ጠብቃለች። "ደረሰ ጋሼ?" ስትለው "ደርሷል" አላት። ከአፉ እንዴት እንዳመለጠው እስከ ዛሬ አያውቅም። ይህን የነገረኝ ኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ሰፈረበት። ፌቨን ዘንጉ ሲወጣ ለማየት ጎንበስ እያለች ፊቷን ወደ ሞልዱ ታስጠጋለች። "ራቅ በይ አንቺ ልጅ!" ይላታል፤ ትስቃለች። የፕሬሱ ጭነት መለኪያ ጌጅ ከተበላሸ ወዲህ ጭነቱን የሚያውቀው መዳፉን የፕሬሱ ምሰሶ ላይ አድርጎ ነው፤ ያን ሰሞን መዳፉን ከዚያ አያነሳም። አምስተኛው ዙር ላይ ሞልዱ "ቀጭ" አለ። እኔም ሰማሁ።

"ምንድነው ጋሼ?"

"መቀመጫው ነው" አላትና ቅባት ግዢ ብሎ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳሉት ሱቆች ላካት። ቅባት እኔ ጋ ሞልቷል። ባጃጅ ይዛ ስትሄድ የብየዳ ማስክ አጠለቀና የቀሩትን ሦስት ዙሮች ብቻውን ጨረሰ። በየመሃሉ "ጌታ ሆይ" ይላል።

ፌቨን ስትመለስ ዘንጉን አይታ ዘለለች። "እጅዎ ይባረክ ጋሼ! ነገ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሊያዩ ይመጣሉ። ሃያ ስምንት ናቸው፤ ዙሪያውን እናቆማቸዋለን።"

የግዛቸው ደም ከፊቱ ሸሸ። ሁለታችንንም ወደ ውጭ አስወጣን። በበሩ ስንጥቅ አየሁት፤ እሷ በምትቆምበት በኩል የኮምፔንሳቶ ጣውላ አቆመ፤ ማስኩን አጠለቀ፤ ሞልዱን በተቀመጠበት አንዴ በትልቁ መዶሻ መታው። ጆሯችን ጮኸ።

ስንገባ ሞልዱ ሦስት ቦታ ተሰባብሯል።

"መብራት ጠፍቶብኝ ነበር። ዋሸሁሽ" አላት።

ፌቨን እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ኮምፔንሳቶውን አየች። አንዱ ስብርባሪ እዚያ ተሰክቷል፤ ልክ በዓይኗ ትይዩ።