የሊቀመንበሩ አንድ ዓይን

ሙሽራ ሠርጉን እንኳ መምህር ጸሐዬ የትምህርት መክፈቻን እንደሚናፍቀው አይናፍቅም። ሐምሌ ሲገባ አቅም ያለው ሁሉ በዚያ በሚንፏቀቅ ባቡር የጅቡቲን ሙቀት ሸሽቶ ወደ ድሬዳዋ ይወጣል። እሱ ግን ካርቲዬ ዱ ሰፈር ባለው የማኅበረሰብ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ሥር በላብ ይታጠባል። ሥዕል እንዲያስተምር ተቀጥሮ አሥራ አንድ ዓመት ስፖርት ያስተማረ ሰው ነው፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ፣ ብሩሽ ኪሱ ውስጥ።

በዚያ ክረምት የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ዓለምሰገድ ቃል ገቡለት። «የኮሚቴውን አባላት እስከ መስከረም ግድግዳው ላይ ሣልልኝ፤ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሥዕል እሰጥሃለሁ» አሉት። ሞኙ ጸሐዬ ከደስታው ብዛት ምሳውን ረሳ።

ጸሐዬ ሙያውን የተማረው በልጅነቱ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነው። እዚያ ደግሞ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ክፉ ሰው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ። ሊቀመንበሩን ጨምሮ አራቱንም የኮሚቴ አባላት ሁለት ሁለት ዓይን አደላቸው። ልግስናው እኔን ገርሞኛል።

አቶ ዓለምሰገድ መጥተው አዩ። «አፍንጫዬን ምን አደረግኸው? ደፍጥጠኸዋል እኮ! በጎን አድርገኝ!» ብለው ሄሮን ሰፈር የተነሱትን የጎን ፎቶ ከኪሳቸው አወጡ። እኚህ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ የሚሰጡ፣ ጥምቀት ላይ ከሁሉ ፊት የሚሰለፉ ናቸው! ግን ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ለመታየት እንጂ የግድግዳውን ሥዕል ለማየት አይደለም።

በነሐሴ ጅቡቲ ላይ የሰው ላብ ሲደርቅ ያየሁት ያን ቀን፣ በጸሐዬ ፊት ላይ ብቻ ነው።

«ንገራቸው እንጂ፣ አንተ ሰው!» አልኩት።

«ክፍለ ጊዜዬን ቢከለክሉኝስ? ተይኝ ውብነሽ፣ ዝም አይነቅዝም።»

ሣላቸው። ቀጥ ያለ አፍንጫ፣ አንድ ዓይን።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ግድግዳው ተመረቀ። ክርስቲያኖቹ እናቶች ገና ሲያዩት ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አቶ ዓለምሰገድ «አያችሁ፣ አለቀሱ እኮ!» ብለው ኮሩና ሁለቱን ክፍለ ጊዜ እዚያው ፈቀዱ። እኛም መምህራኑ አጨበጨብን።

ጸሐዬ በመጀመሪያው ትምህርት አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት! የሁለት ዓይኑንና የአንድ ዓይኑን ሕግ ለልጆቹ እያጣፈጠ ተረከላቸው። ሂንድ የምትባል የሐረር ነጋዴዎች ልጅ በመስኮት ወደ ግድግዳው አየች።

«ቲቸር፣ አቶ ዓለምሰገድ መጥፎ ሰው ናቸው?»

«ኧረ አይደሉም! እንዲህ ሣለኝ ብለውኝ ነው።»

«ትርጉሙን እርስዎ ነገሯቸው?»

«ዝም በይ! ሁላችሁም ወረቀት አውጡ፤ እኔን ሣሉ!»

በእረፍት ሰዓት የሂንድን ወረቀት ይዞ መምህራን ክፍል ገባ። ፊሽካው፣ ብሩሹ፣ መላጣው ሳይቀር ቁርጥ እሱ ነው። ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን።

«ስንት ሰጠሃት?» አልኩት።

«አሥር ከአሥር» አለኝ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እየደፋ። «አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ይቺን ነው?»

ልስቅበት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። በምረቃው ቀን እጇ እስኪቀላ ያጨበጨበችው እኮ እኔ ነኝ።

«ጸሐዬ» አልኩት፣ «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እባክህ ውብነሽን ሣሉ እንዳትላቸው።»